አይዲው በአማርኛ ሲጻፍ ላይብረሪው ለምን አያገኘውም? የሰሌክተር ፓርሰር ባግ ደረጃ በደረጃ ማስተካከያ

ጎንደር ላይ ድረ ገጽ የምትሠሩ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ይሄን ነው፦ «አይዲው ‹ጎንደር› ነው፤ ኤለመንቱም ገጹ ላይ አለ። ላይብረሪው ግን ባዶ ይመልስልኛል። አይዲ በአማርኛ መጻፍ ክልክል ነው እንዴ?»

ክልክል አይደለም። ሲኤስኤስ በስም ውስጥ የግዕዝ ፊደልን ይቀበላል፤ «#ጎንደር» አንዳች የማይጎድለው ሰሌክተር (ኤለመንት መፈለጊያ ጽሑፍ) ነው። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የላይብረሪው ፓርሰር ነው። ፓርሰር ማለት ሰሌክተሩን እየቆረጠ «ይሄ አይዲ ነው፣ ይሄ ክላስ ነው» ብሎ የሚያነበው ክፍል ነው፤ የጻፈው ሰው «ስም» ሲል የላቲን ፊደል ብቻ ታይቶት ከሆነ የእኛ ፊደል ሲመጣ ይደናቀፋል።

መመሪያው ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ለተቀመጠ፣ ምንጭ ኮዱን መንካት ለምትችሉት ላይብረሪ ነው። በጄኪዌሪ የምትሠሩ ከሆነ የስም ችግር አይገጥማችሁም፤ የጄኪዌሪ ፓርሰር ከአስኪ (ከላቲን ፊደላት፣ ከአሃዞችና ከተለመዱት ምልክቶች) ውጭ ያለን ፊደል ይቀበላል። ደረጃ 1 እና ደረጃ 5 ግን ለእናንተም ያስፈልጋሉ።

ስለ ምሳሌዎቹ አንድ ነገር ያዙ። የጃቫስክሪፕትና የኤችቲኤምኤል ቃላት እንደሚነበቡት በግዕዝ ፊደል ተጽፈዋል፦ ዲቭ፣ ክላስ፣ ኖት፣ ኩዌሪ ሰሌክተር ኦል። ኮዱን ስትጽፉ እነዚህን ወደ ላቲን መልሷቸው። የአይዲና የክላስ ስሞቹ፣ እንዲሁም «ሰፈር» የሚለው አትሪቢዩት ግን እንዳሉ በግዕዝ ይግቡ፤ የምንፈትነው እነሱን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያልተጨመቀ የላይብረሪው ምንጭ ኮድ። በአንድ መስመር የታጨቀውን ፋይል አትንኩ፤ ባጉን ብታገኙት እንኳ በሚቀጥለው ግንባታ ሥራችሁ ይጠፋል።
- ፋየርፎክስና ክሮም፣ ሁለቱም። የምታስተካክሉት በብራውዘሩ ልክ ስለሆነ ሁለቱ ሲስማሙ ማየት አለባችሁ።
- ፋይል በዩቲኤፍ-8 የሚያስቀምጥ ኤዲተር።
- ጊት። መብራት በድንገት ሲሄድ ግማሽ የተሠራ ፓርሰር ይዞ መቅረት ከባድ ነው፤ ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ ኮሚት አድርጉ።
- የሲኤስኤስ ሲንታክስ ሌቭል 3 እና የሰሌክተርስ ሌቭል 4 ደንቦች፣ ከደብልዩ ሦስት ሲ ወርደው ዲስክ ላይ የተቀመጡ። ኔትወርክ በሌለ ሰዓት ትፈልጓቸዋላችሁ።
- በኮምፒውተራችሁ ላይ ብቻ የሚከፈት የሙከራ ገጽ። ላይብረሪውን ከኢንተርኔት ሳይሆን ከዚያው ፎልደር ይጥራ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሙከራውን በኖድ ጄኤስና በጄኤስዶም (ያለ ብራውዘር ገጽን በሚያስመስል መሣሪያ) ብቻ አትጨርሱ። ጄኤስዶም ሰሌክተር የሚያነበው በራሱ መንገድ እንጂ በብራውዘሩ ፓርሰር አይደለም። ሁለቱ ሲለያዩ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ

ኮንሶሉን ክፈቱና አንዱን ስም በሦስት መንገድ ጠይቁ፦

1. በጌት ኤለመንት ባይ አይዲ፣ «ጎንደር» ብላችሁ። ይህ ሰሌክተር አያነብም፤ የሰጣችሁትን ጽሑፍ ከአይዲው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክራል እንጂ።
2. በብራውዘሩ ኩዌሪ ሰሌክተር ኦል፣ «#ጎንደር» ብላችሁ።
3. በላይብረሪው፣ እንደገና «#ጎንደር» ብላችሁ።

የመጀመሪያው ባዶ ከመለሰ ፓርሰሩን አትንኩት። ወይ ስክሪፕቱ ኤለመንቱ ሳይፈጠር ሮጧል፣ ወይ ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 አልተነበበም፣ ወይ ሆሄው ተለያይቷል። የመጀመሪያው ሠርቶ ሁለተኛው ስህተት ከወረወረ ሰሌክተሩ ራሱ ኢስኬፕ (ልዩ ቁምፊን በባክስላሽ «\» መጻፍ) ጎድሎታል፤ ወደ ደረጃ 5 ሂዱ። ሁለቱ ሠርተው ሦስተኛው ብቻ ካልሠራ ባጉ የላይብረሪው ነው።

የሆሄ መለያየት ብዙ ሰዓት የሚበላ ስለሆነ ቀረብ ብላችሁ እዩት። የከተማችን ስም «ጎንደር» ተብሎም «ጐንደር» ተብሎም ይጻፋል። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የመጀመሪያው ፊደል «ጎ» በሄክስ (በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር) 130ኢ ሲሆን «ጐ» 1310 ነው። «ሥላሴ» እና «ስላሴ»ም እንዲሁ ናቸው፦ «ሥ» 1225፣ «ስ» 1235። ገጹ ላይ አንዱን ጽፋችሁ ስክሪፕቱ ውስጥ ሌላውን ከጻፋችሁ አይገናኙም፤ መገናኘትም የለባቸውም። ለመለየት ስሙን በኮድ ፖይንት አት እየከፈላችሁ ቁጥሮቹን በሄክስ አሳትሙ። በዓይን ማመሳከር ላይ አትተማመኑ።

ደረጃ 2፦ የሙከራ ገጹን አዘጋጁ

ይህን ገጽ እንዳለ ጻፉት። እያንዳንዱ መስመር አንድ የባግ ዓይነት እንዲያወጣ ሆኖ ተመርጧል።

```
<ዲቭ አይዲ="ጎንደር" ክላስ="ከተማ">
  <ፒ አይዲ="ፋሲል.ግቢ" ክላስ="ቦታ">ፋሲል ግቢ</ፒ>
  <ፒ አይዲ="7ኛ" ክላስ="ቦታ">ደብረ ብርሃን ሥላሴ</ፒ>
  <ፒ ክላስ="ቦታ ዋጋ" ሰፈር="አዘዞ, ጎንደር">50</ፒ>
  <ፒ ክላስ="ዋጋ 12ኛ-ክፍል" ሰፈር="ማራኪ">75</ፒ>
</ዲቭ>
<ዲቭ አይዲ="ጐንደር"></ዲቭ>
```

የቻርሴት ሜታ መስመሩ ከፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ መሆን አለበት፤ ብራውዘሩ የሚፈልገው እዚያ ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል እዚህ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል። ገጹ ላይ በአንድ ፊደል ቦታ ሦስት ሦስት የተዘበራረቁ ምልክቶች ካያችሁ ችግሩ የፋይሉ አነባበብ ነው፤ ሳታስተካክሉት ወደ ደረጃ 3 አትለፉ።

«ሰፈር» የሚለውን አትሪቢዩት ብራውዘሩ ይቀበለዋል፣ የኤችቲኤምኤል መመርመሪያ ግን ይቃወመዋል። ለሕዝብ በሚወጣ ገጽ ላይ ከፊቱ «ዳታ-» ጨምሩበት።

ደረጃ 3፦ አቋራጮቹን ዝጉ

አብዛኞቹ ላይብረሪዎች ሰሌክተር ሲሰጣቸው በመጀመሪያ ወደ ብራውዘሩ ኩዌሪ ሰሌክተር ኦል ይልኩታል። የራሳቸው ፓርሰር የሚሠራው ብራውዘሩ ስህተት ሲወረውር፣ ወይም ሰሌክተሩ ውስጥ ላይብረሪው ብቻ የሚያውቀው ቃል ሲገባ ነው። ባጉ «አንዳንዴ» የሚታየውም ለዚህ ነው፦ «.ዋጋ» ብቻውን ይሠራል፤ «የሚታየውን ብቻ» የሚል የላይብረሪው የራሱ ማጣሪያ ሲጨመርበት ይጠፋል።

ስለዚህ ወደ ብራውዘሩ የሚልከውን መስመር በአንድ መቀያየሪያ ዝጉት፤ ለሙከራ ጊዜ ሁሉም ነገር በላይብረሪው ፓርሰር ይለፍ። ይህን ሳታደርጉ ቴስት ብትጽፉ ሁሉም ያልፋል፣ ግን የተፈተነው ፋየርፎክስ ነው እንጂ የእናንተ ኮድ አይደለም።

ሌላም አቋራጭ ፈልጉ። «#» ወይም «.» ቀጥሎ አንድ ስም ብቻ ሲመጣ በሬጌክስ (የጽሑፍን ቅርጽ በሚገልጽ መፈለጊያ) ለይቶ በቀጥታ የሚጠራ መስመር አይጠፋም። ሬጌክሱ ጫፍና ጫፉ ካልታሰረ «#_ጎንደር» ሲሰጠው «_» ላይ ይቆምና አይዲው «_» የሆነ ኤለመንት ይፈልጋል። ስህተት አይወረውርም፤ ዝም ብሎ ባዶ ይመልሳል።

ደረጃ 4፦ የስም ሕጉን አስተካክሉ

የዋናው ጥያቄ መልስ እዚህ ነው። ፓርሰሩ ውስጥ ባክስላሽ ደብልዩ የሚል ሬጌክስ ፈልጉ። በጃቫስክሪፕት ይህ ምልክት የሚይዘው 26ቱን የላቲን ፊደላት በትልቁም በትንሹም፣ ከ0 እስከ 9 ያሉ አሃዞችንና የሥር መስመርን ብቻ ነው። የዩኒኮድ ፍላጉን ብትጨምሩበትም የግዕዝ ፊደል አይገባበትም። ባክስላሽ ቢ የሚባለው የቃል ወሰንም የሚለካው በዚሁ ስለሆነ አማርኛ ላይ አይረዳም።

ሬጌክሱን አንሥታችሁ ይህን አስገቡ፤ «ቁ» ማለት አንድ ቁምፊ ነው፦

```
ስም_ጀማሪ(ቁ) = ቁ የላቲን ፊደል ነው
            ወይም ቁ "_" ነው
            ወይም የቁ ኮድ >= 128

ስም_ቀጣይ(ቁ) = ስም_ጀማሪ(ቁ)
            ወይም ቁ ከ0 እስከ 9 ያለ አሃዝ ነው
            ወይም ቁ "-" ነው
```

ስም ለመጀመር ሦስት በር አለ፦ ስም ጀማሪ ቁምፊ፤ ወይም «-» ሆኖ ቀጥሎ ስም ጀማሪ፣ ሌላ «-» ወይም ኢስኬፕ ያለው፤ ወይም ቀጥሎ አዲስ መስመር ያልመጣበት ባክስላሽ። ከእነዚህ ውጭ በሆነ ነገር የሚጀምር ስም የለም። «#7ኛ» በብራውዘሩም ስህተት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አሃዝ መቀጠል እንጂ መጀመር አይችልም።

ለምን 128? ሁለት የተለመዱ «ማሻሻያዎች» አሉ፤ ሁለቱም ሌላ ባግ ይወልዳሉ። አንደኛው በሄክስ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን ብቻ መፍቀድ ነው። የግዕዝ ፊደል ግን በእሱ አያበቃም፤ ተጨማሪ ፊደላት ከ1380፣ ከ2ዲ80 እና ከኤቢ00 ጀምሮ ሌሎች ክፍሎች ውስጥ አሉ፤ የጉራጌኛ ጽሑፍ የሚጠቀምባቸው ፊደላት ሳይቀሩ ውጭ ይቀራሉ። ሁለተኛው በዩኒኮድ «ፊደል» የሚለውን ምድብ መጠቀም ነው። እሱ ደግሞ የግዕዝ አሃዞችን አይጨምርም፤ «ክፍል፩» የሚል ክላስ «ክፍል» ላይ ይቆረጣል። የሲኤስኤስ ደንብ ሁለቱንም ይቀበላል፤ እናንተም ተቀበሉ።

ቁምፊዎቹን በቻር ኮድ አት ብታነቡ ይበቃል። ከ16 ቢት በላይ የሆኑት በሁለት ግማሽ ቢመጡም ሁለቱም ግማሾች ከ128 በላይ ስለሆኑ ሕጉ አይፈርስም።

ደረጃ 5፦ ኢስኬፕን በትክክል ፍቱ

አይዲው «7ኛ» ከሆነ ትክክለኛው ሰሌክተር «#\37 ኛ» ነው፤ 37 የ«7» ሄክስ ኮድ ነው። ባክስላሽ ከተነበበ በኋላ ፓርሰሩ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፦

1. ቀጥሎ ያለው የሄክስ አሃዝ ከሆነ ቢያንስ 1፣ ቢበዛ 6 አሃዝ ያንብብ።
2. ከአሃዞቹ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ካለ አንዱን ብቻ ይዋጥ። ይህ ክፍት ቦታ የኢስኬፑ መዝጊያ ነው እንጂ የሁለት ሰሌክተር መለያያ አይደለም።
3. ቁጥሩ 0 ከሆነ፣ ከ10ኤፍኤፍኤፍኤፍ ከበለጠ፣ ወይም ከዲ800 እስከ ዲኤፍኤፍኤፍ ባለው ውስጥ ካረፈ በምትኩ ኤፍኤፍኤፍዲ ያስገባ።
4. የሄክስ አሃዝ ካልሆነ ቁምፊውን ራሱን ይውሰድ። «\.» ነጥብ ማለት ነው።

ሁለተኛው ላይ ብዙ ፓርሰር ይወድቃል። «12ኛ-ክፍል» የሚለው ክላስ «.\31 2ኛ-ክፍል» ተብሎ ይጻፋል። ክፍት ቦታውን እንደ መለያያ ያየ ፓርሰር ለሁለት ይቆርጠዋል። ክፍት ቦታው ይቅር ብላችሁ «.\312ኛ-ክፍል» ብትጽፉ ደግሞ «2» የሄክስ አሃዝ ስለሆነ ተጠቃልሎ 312 የሚል ሌላ ቁምፊ ይሆናል። «#\37 ኛ» ላይ ግን «ኛ» የሄክስ አሃዝ ስላልሆነ ክፍት ቦታው ባይኖርም ያልፋል። አንዱ ያለ ክፍት ቦታ ሠርቶ ሌላው እምቢ የሚለው በዚህ ነው።

ኮዱን ወደ ፊደል የምትመልሱት በፍሮም ኮድ ፖይንት ይሁን። ፍሮም ቻር ኮድ ከ16 ቢት በላይ ያለውን ቁጥር ቆርጦ ይጥላል፤ ውጤቱ ሌላ ፊደል ነው፣ ስህተትም አይነግራችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጃቫስክሪፕት ስትሪንግ ውስጥ ባክስላሹን ሁለት አድርጉት፦ «"#\\37 ኛ"»። አንድ ብቻ ከሆነ ጃቫስክሪፕት ራሱ «\37»ን እንደ ስምንት ቤት ቁጥር ወስዶ ኮዱ 31 የሆነ የማይታይ ቁምፊ ያደርገዋል፤ ጥብቅ ሁነታ ላይ ደግሞ ፋይሉ ጭራሽ አይሮጥም። ፓርሰሩ ጋ የደረሰው ምን እንደሆነ በርዝመቱ አረጋግጡ፦ ትክክለኛው 6 ቁምፊ ነው፣ የተበላሸው 4።

አይዲውን ከዳታቤዝ ወይም ከተጠቃሚ የምትቀበሉ ከሆነ ኢስኬፑን በእጅ አትጻፉት፤ ብራውዘሩ ውስጥ ሲኤስኤስ ኢስኬፕ የሚባል ፈንክሽን አለ። ጄኪዌሪም ከ3.0 ጀምሮ ኢስኬፕ ሰሌክተር አለው። «ጎንደር»ን ብትሰጡት ሳይነካው ይመልሳል፤ «ፋሲል.ግቢ»ን «ፋሲል\.ግቢ» ያደርገዋል። ኖድ ጄኤስ ውስጥ ግን ሲኤስኤስ ኢስኬፕ የለም።

ደረጃ 6፦ በስፕሊት መቁረጥን አስወግዱ

ፓርሰሩ በኮማ ወይም በክፍት ቦታ ስፕሊት የሚያደርግ ከሆነ «[ሰፈር="አዘዞ, ጎንደር"]» ሲሰጠው «[ሰፈር="አዘዞ» እና «ጎንደር"]» የሚሉ ሁለት ስብርባሪዎች ያወጣል። «:ኖት(.ቦታ, .ከተማ)» ላይም ያው ነው። በጥቅስ፣ በቅንፍና በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለ ኮማ መቁረጫ አይደለም። መፍትሔው ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ማንበብ ነው፦

```
ጥልቀት = 0፣ ጥቅስ = ባዶ
ለእያንዳንዱ ቁ፦
  ቁ "\" ከሆነ            → ቀጣዩንም ይዘህ እለፍ
  ጥቅስ ክፍት ከሆነ         → ቁ ከጥቅሱ ጋር እኩል ከሆነ ዝጋ፤ ካልሆነ እለፍ
  ቁ " ወይም ' ከሆነ        → ጥቅስ = ቁ
  ቁ ( ወይም [ ከሆነ        → ጥልቀት ላይ 1 ጨምር
  ቁ ) ወይም ] ከሆነ        → ከጥልቀት 1 ቀንስ
  ቁ , ሆኖ ጥልቀት 0 ከሆነ    → እዚህ ቁረጥ
```

ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ። ባክስላሹ ከጥቅሱ ፊት ካልተመረመረ «\"» ጥቅሱን የዘጋ ይመስለዋል። ጥቅሱ ከቅንፉ ፊት ካልተመረመረ ደግሞ በጥቅስ ውስጥ ያለ «)» ጥልቀቱን ያዛባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኮማ ሁሉ በተሳሳተ ቦታ ይቆረጣል።

የአማርኛ ኪቦርድ የሚያመጣው ልዩ ጣጣም አለ። «.ቦታ፣ .ዋጋ» ብላችሁ በነጠላ ሰረዝ ብትጽፉ ብራውዘሩ ስህተት አይወረውርም። «፣» ኮዱ በሄክስ 1363 ስለሆነ የስም አካል ነው፤ ሰሌክተሩ «ክላሱ ‹ቦታ፣› በሆነ ኤለመንት ውስጥ ያለ ‹ዋጋ›» ተብሎ ይነበባል፤ ውጤቱም ባዶ ነው። ፓርሰሩ «፣»ን በድብቅ ወደ ኮማ እንዲለውጥ አታድርጉ፤ ከብራውዘሩ ጋር ትለያያላችሁ። ከዚያ ይልቅ ስም ውስጥ «፡»፣ «።»፣ «፣» ወይም «፤» ሲገኝ ኮንሶል ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፍ። ይህች አንድ መስመር ለሚቀጥለው ሰው ግማሽ ቀን ታተርፋለች።

ክፍት ቦታንም በባክስላሽ ኤስ አትለኩ። በሲኤስኤስ ክፍት ቦታ የሚባሉት አምስት ብቻ ናቸው፦ ስፔስ፣ ታብ፣ አዲስ መስመር፣ ካሬጅ ሪተርንና ፎርም ፊድ። ባክስላሽ ኤስ ግን ከወርድ ተገልብጦ የሚመጣውን የማይሰበር ስፔስ ጭምር ይዋጣል።

ደረጃ 7፦ አትሪቢዩት

ስሙን አንብቡ፣ ቀጥሎ ኦፐሬተሩን፣ ቀጥሎ ዋጋውን። ኦፐሬተሮቹ «=»፣ «~=»፣ «|=»፣ «^=»፣ «$=» እና «*=» ናቸው። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «~» ስታገኙ ኮምቢኔተር (ሁለት ሰሌክተሮችን የሚያያይዝ ምልክት) አይደለም፤ ፓርሰሩ የት ቦታ እንዳለ ማወቅ አለበት።

ያለ ጥቅስ የተጻፈ ዋጋ የስም ሕግን ይከተላል። «[ሰፈር=ማራኪ]» ትክክል ነው፤ «[ሰፈር=50]» ስህተት ነው፤ «[ሰፈር="50"]» ትክክል ነው።

ባዶ ዋጋ ላይ ተጠንቀቁ። «[ሰፈር^=""]»፣ «[ሰፈር$=""]» እና «[ሰፈር*=""]» በደንቡ ምንም አይይዙም። ጃቫስክሪፕት ግን ማንኛውም ጽሑፍ በባዶ ጽሑፍ ይጀምራል ይላል፤ ስለዚህ ዋጋው ባዶ መሆኑን አስቀድማችሁ ካልመረመራችሁ ላይብረሪው ሰፈር ያለውን ኤለመንት ሁሉ ይመልሳል። የፍለጋ ሳጥን ባዶ ሆኖ ሲላክ ዝርዝሩ በሙሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ ኮምቢኔተር

ክፍት ቦታ ሲገኝ ወዲያው «ውስጥ ያለ» ብላችሁ አትመዝግቡ። ክፍት ቦታውን ሁሉ ዋጡና ቀጥሎ ያለውን እዩ፦ «>»፣ «+» ወይም «~» ከሆነ እሱን መዝግቡ፤ ኮማ፣ ቅንፍ መዝጊያ ወይም መጨረሻው ከሆነ ምንም አትመዝግቡ፤ ሌላ ከሆነ ብቻ «ውስጥ ያለ» ነው።

ላይብረሪው በአንድ ኤለመንት ውስጥ ሲፈልግ ጊዜያዊ አይዲ ከፊት የሚለጥፍ ከሆነ፣ የሚለጥፈው በኮማ በተለየው በእያንዳንዱ ክፍል ላይ መሆኑን አረጋግጡ። በመጀመሪያው ላይ ብቻ ሲለጥፍ ሁለተኛው ክፍል ከኤለመንቱ ውጭ ያሉ ወላጆችን ይቆጥራል።

ደረጃ 9፦ ያልገባውን በግልጽ ይናገር

ባዶ ሰሌክተር፣ «.ዋጋ >»፣ «.ቦታ > > .ዋጋ» እና «, .ቦታ» ስህተት መወርወር አለባቸው። መልእክቱ ሙሉውን ሰሌክተርና የተሰናከለበትን ቦታ ቁጥር ይያዝ። ባዶ ዝርዝር መመለስ «ፈለግሁ፣ የለም» ማለት ነው፤ «ማንበብ አልቻልሁም» ከሚለው ጋር ከተቀላቀለ ባጉን ማግኘት አትችሉም።

ያልተዘጋ ቅንፍ ለብቻው ነው። «[ሰፈር="ማራኪ"» ጽሑፉ ሲያልቅ እንደተዘጋ ስለሚቆጠር ብራውዘሩ ይቀበለዋል። የእናንተም ፓርሰር ይቀበል፤ አለዚያ ያው ሰሌክተር በአንዱ መንገድ ሠርቶ በሌላው ይወድቃል።

ደረጃ 10፦ «ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ አይሠራም» የሚለውን መርምሩ

ሦስት ምክንያት አለው። ሬጌክሱ የግሎባል ፍላግ ካለው ያቆመበትን ቦታ በላስት ኢንዴክስ ያስታውሳል፤ በቴስት ስትጠሩት አንዴ አዎ አንዴ አይ ይላል። ፍላጉን አንሱ፣ ወይም ከመጥራታችሁ በፊት ላስት ኢንዴክስን 0 አድርጉ። ሁለተኛው፣ ካሽ የተደረገው (ለሚቀጥለው ጥሪ የተቀመጠው) የቶክን ማለትም የሰሌክተር ቁራጮች ዝርዝር ለሚጠራው ሁሉ አንዱ ራሱ ይሰጥና አንዱ ሲቆርጠው ለሌላው ተቆርጦ ይደርሳል፤ ቅጂውን ስጡ። ሦስተኛው፣ ካሹ ተራ ኦብጀክት ከሆነ «ኮንስትራክተር» የሚል ሰሌክተር ሲመጣ ከካሽ ያገኘ ይመስለዋል፤ ማፕ ተጠቀሙ።

ደረጃ 11፦ ቴስቱን ሁለት ጊዜ አሂዱ

አንዴ የደረጃ 3 መቀያየሪያ ተዘግቶ፣ አንዴ ተከፍቶ። ደረጃ 2 ላይ በሠራችሁት ገጽ ላይ ውጤቱ ይሄ መሆን አለበት፦

```
#ጎንደር                      1
#\1310 ንደር                  1   ሁለተኛው ዲቭ
#ፋሲል\.ግቢ                   1
#ፋሲል.ግቢ                    0   አይዲ ፋሲል፣ ክላስ ግቢ ተብሎ ይነበባል
#\37 ኛ                      1
#7ኛ                         ስህተት
.\31 2ኛ-ክፍል                 1
.ቦታ.ዋጋ                     1
.ቦታ .ዋጋ                    0
.ቦታ, .ዋጋ                   4   ሁለቱም ያለበት አንዴ ይቆጠራል
.ቦታ፣ .ዋጋ                   0   ማስጠንቀቂያ ይጻፋል
[ሰፈር="አዘዞ, ጎንደር"]          1
[ሰፈር^=""]                   0
#ጎንደር>.ዋጋ                  2
#ጎንደር  >  .ዋጋ              2
.ቦታ + .ቦታ                  2
.ዋጋ:ኖት(.ቦታ, .ከተማ)          1
.ዋጋ >                       ስህተት
```

ሰሌክተሮቹ እንደ ፓርሰሩ የሚደርሱት ሆነው ተጽፈዋል፤ ስትሪንግ ውስጥ ስታስገቧቸው ባክስላሹን ሁለት ማድረግ አትርሱ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ጥሩት፤ የደረጃ 10 ባግ የሚታየው ያኔ ነው።

የተለመዱ ስህተቶች

- ስሞቹን ወደ ላቲን መቀየር። «ጎንደር»ን በላቲን ፊደል ጽፎ መገላገል ፈጣን ይመስላል። ነገ ተጠቃሚው የሚያስገባው ስም ሲመጣ ባጉ እዚያው ይጠብቃችኋል።
- ፓርሰሩ ውስጥ «ጐ»ን ወደ «ጎ»፣ «ሥ»ን ወደ «ስ» መለወጥ። ገጹ ላይ ሁለቱም አይዲዎች ካሉ የተሳሳተው ይመለሳል። ሆሄ ማስማማት ካስፈለገ ስሙ ሲመዘገብ ይደረግ እንጂ ሲፈለግ አይደለም።
- ለአንድ ሰሌክተር ብቻ «ከሆነ» ጨምሮ ማለፍ። የደረጃ 4 ሕግ ከተስተካከለ እንዲህ ያሉ ጥገናዎች አያስፈልጉም፤ ከቆዩ ግን ትክክለኛውን ሕግ ይሸፍናሉ። ፈልጋችሁ አውጧቸው።
- ሰሌክተር ከፋይል አንብቦ በቀጥታ መስጠት። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ የባይት ቅደም ተከተል ምልክት ሊኖር ይችላል። የጃቫስክሪፕት ትሪም ያነሣዋል፣ ሲኤስኤስ ግን ክፍት ቦታ ነው አይልም፤ አንብባችሁ እንደጨረሳችሁ አንሡት።
- ሁሉንም በአንድ ኮሚት መላክ። የስም፣ የኢስኬፕና የኮማ ጥገናዎችን ለየብቻ ላኩ፤ እያንዳንዱ ከቴስቱ ጋር። ላይብረሪውን የሚጠብቀው ሰው አንዱን ቢጠይቅበት ሌሎቹ ሳይታገቱ ይገባሉ።